የእኔ ዲፓርትመንት አይደለም

ባለፈው ሰኔ አንድ ማታ ታናሽ እህቴ ደወለችልኝ። አሥረኛ ክፍልን ለመጨረስ ጥቂት ቀናት ቀርተዋት ነበር። «ጋሽዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ለእማዬ ግን እንዳትነግራት» አለች። እንዲህ ተብሎ የሚጀመር ወሬ ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ታናሽ እህት ያላችሁ ታውቃላችሁ። ላፕቶፔን ዘጋሁና «ምንድነው?» አልኳት።

«ሶሻል ብገባ ትቆጣለህ?»

መጀመሪያ ሳቅኩ፤ በቃ ይሄ ነው ብዬ። ቀጥሎ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት መልስ ስላጣሁ አይደለም። መልሱ አፌ ውስጥ ተሰናድቶ ነበር፦ «አንቺ እኮ ሒሳብ ትችያለሽ፤ ምን ሆነሽ ነው ሶሻል የምትገቢው?» ይህን አባባል እኔ አልፈጠርኩትም። በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ከአባቴም፣ ከሒሳብ አስተማሪዬም፣ ከጎረቤትም ሰምቼዋለሁ። «ምን ሆነሽ ነው» የምትለዋን ልብ በሏት። እንዲህ የሚባለው ለታመመ ሰው ነው።

«ለምን ፈለግሽ?» አልኳት። ለካ ከሰፈራችን ወደ አረብ አገር የሄዱ ሴቶችን መቁጠር ጀምራለች። ከእኛ ቤት እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ብቻ ዘጠኝ ናቸው። «ለምን እንደሚሄዱ ሁሉም ሰው የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ግን ሁሉም የሚለው የተለያየ ነው። እሱን ማጥናት ነው የምፈልገው» አለች። ከዚያ ይቅርታ የምትጠይቅ በሚመስል ድምፅ፣ «ሒሳብም ግን እወዳለሁ» አለችኝ።

«አስቤበት ልደውልልሽ» ብዬ ተሰናበትኳት። ሳስብ የሰነበትኩት ግን ስለ እሷ ብቻ አልነበረም። ስለ አንድ ጓደኛዬ፣ ስለ አንዲት አይቻቸው ስለማላውቅ እናት እና እኔ ስለጻፍኳት አሥራ አንድ መስመር ኮድ ጭምር ነበር።

*

እስከ አሥረኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን ጓደኛ ነበረኝ። አሥራ አንደኛ ስንገባ እኔ ናቹራል፣ እሱ ሶሻል ሆንን። ውጤት አንሶት አልነበረም፤ ፈልጎ ነው የገባው። ይህን ግን ማንም አላመነውም። ፈልጎ ሶሻል የሚገባ ጎበዝ ተማሪ መኖሩን መቀበል ለሰፈራችን ሰው ከባድ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ እኔ ኢንጂነሪንግ፣ እሱ ሶሽዮሎጂ ደረሰን። ለእረፍት ቤተሰብ ጋር ስንመጣ እንገናኛለን።

የመጨረሻ ዓመቱ ላይ ሲኒየር ኤሴዩ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። የእናቱ ዕቁብ ውስጥ ያሉ ሴቶች ያለ ምንም የተፈረመ ወረቀት እንዴት እንደሚተማመኑ እያጠና ነው። ከሴቶቹ ጋር ቡና እየጠጣ፣ እየጠየቀ፣ እየጻፈ ሳምንታት አሳልፏል። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ለዚህ ነው እንዴ ዲግሪ የሚሰጡህ? እናቴን ብትጠይቃት በአንድ ከሰዓት ትጨርስልህ ነበር» አልኩት።

«እናትህን ግን ማን ጠይቋት ያውቃል?» አለኝ።

እንደ ቀልድ ወሰድኩት። ያኔ እኔ ስለ ዳታቤዝ እየተማርኩ ነበር፤ ከባዱን ነገር የያዝኩት እኔ እንደሆንኩ አልተጠራጠርኩም።

*

ሥራ ከያዝኩ በኋላ ለአነስተኛ ብድር የሚያገለግል ሶፍትዌር የሚሠራ ቡድን ውስጥ ገባሁ። አምስት ነበርን፤ አምስታችንም ኢንጂነሮች። አንድ ሰው በሁለት ስም ሁለት ጊዜ እንዳይበደር መከላከል ነበረብን። ተወያየን፣ ቦርድ ላይ ሣልን፣ አንድ ጥርት ያለ ደንብ ላይ ደረስን፦ አንድ ስልክ ቁጥር፣ አንድ ሰው። በአንድ ቁጥር ሁለት ሰው ከተመዘገበ ሲስተሙ ማመልከቻውን ያግደዋል። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ መስመር ነው። ፈተናዎቹን በሙሉ አለፈ። ኮርቼበት እንደነበር አልደብቃችሁም።

2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የገባ ሰሞን ከአንድ ቅርንጫፍ የብድር ባለሙያ ደወለልኝ። «አንዲት እናት ፊቴ ቆመዋል» አለኝ። «በግ ገዝተው አደልበው ለፋሲካ ሊሸጡ ነው። ዕቁብተኞቻቸው ዋስ ሆነውላቸዋል። ሲስተሙ ግን የተደገመ ተበዳሪ ናቸው እያለ አልቀበል አለ።» አየሁት። ሴትዮዋ ስልክ የላቸውም። ያስመዘገቡት የጎረቤታቸውን ልጅ ቁጥር ነው። በዚያ ቁጥር ጎረቤትየዋም ቀድመው ተበድረዋል።

እኔም መለስኩለት፦ «ኮዱ በትክክል እየሠራ ነው። ችግሩ የተመዘገበው ዳታ ላይ ነው። ደንቡ ይቀየር የምትሉ ከሆነ ደግሞ የሚመለከተውን ክፍል ጠይቁ። የእኔ ዲፓርትመንት አይደለም።»

ሰውየው አልተቆጣም። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «እሺ» አለ። «ለእሳቸው ምን ልበላቸው?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ነገሩ በደብዳቤ ሄደ፣ በስብሰባ መጣ፣ ደንቡ በመጨረሻ ተቀየረ። ማስተካከያው ሲለቀቅ ግን ፋሲካ አልፎ ነበር። ለፋሲካ በግ ለመሸጥ ያሰበ ሰው ከፋሲካ በኋላ ብድር ቢፈቀድለት ምን እንደሚያደርገው አስቡት።

ለጓደኛዬ ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። «እኛ ብንሆን መጀመሪያ የምንጠይቀው፣ ስልኩ የማን ነው? የሚለውን ነበር» አለኝ ብቻ። ያ አሥራ አንድ መስመር ኮድ ለካ ስለ ሰው ልጅ አንድ ንድፈ ሐሳብ ተሸክሞ ነበር፦ ሰው ማለት የራሱ ስልክ ያለው፣ ብቻውን የሚቆም፣ ከጎረቤቱ በቁጥር የሚለይ ፍጡር ነው የሚል። ይህን ንድፈ ሐሳብ ማንም አላስተማረኝም። ንድፈ ሐሳብ መሆኑን ያላወቅኩትም ለዚህ ነው። እውነታ ነበር የመሰለኝ።

*

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው፦ ሰው ባልተማረው ነገር ይጠየቃል?

ቀላሉ መልስ «አይጠየቅም» ነው። እኔ ሶሽዮሎጂ አልተማርኩም፤ ያልሰጡኝን ከየት ላምጣ? በሌላ በኩል አበው «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» ይላሉ። ተረቱ የሳሚውን ቅንነት አይክድም። መሳም ፈልጎ ነው። የተሳመው ሰው ጉንጭ ግን በቅንነት አይጠረግም።

እኔ ሦስት ዓይነት አለማወቅ ያለ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ዝም ብሎ አለማወቅ ነው፤ ሁላችንም አብዛኛውን ነገር አናውቅም፣ ነውርም የለበትም። ሁለተኛው አለማወቅን አለማወቅ ነው። ያን ኮድ ስጽፍ የነበርኩት እዚህ ላይ ነው። የሚያስጠይቅ ቢሆንም በከፊል ነው። ሦስተኛው ግን ላለማወቅ መደራጀት ነው። የብድር ባለሙያው ደውሎ ሴትዮዋ ፊቱ እንደቆሙ ሲነግረኝ፣ ከዚያች ደቂቃ በኋላ አላውቅም ማለት አልችልም ነበር። «የእኔ ዲፓርትመንት አይደለም» ስል የተናገርኩት ስለ ዕውቀቴ ወሰን አልነበረም። ላለመስማት ፈቃድ እያወጣሁ ነበር።

ዕውቀትን ለሁለት የከፈለው ግድግዳ ትልቁ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ግማሹን ዕውቀት መከልከሉ መጥፎ ነው። ከዚያ የባሰው ግን ለሁላችንም ሰበብ ማደሉ ነው። እኔ ስለ ሰው አልጠየቅም፤ ኢንጂነር ነኛ። የሶሻሉም ሰው ስለ ቁጥር አይጠየቅም፤ «ሒሳብ ሸሽቼ ነው እዚህ የመጣሁት» ብሎ ይስቃል፣ እኛም አብረን እንስቃለን።

*

ግድግዳውን ማን ሠራው? በእኛ ዘመን በጣም የታወቀው ጡብ 70/30 የሚባለው ፖሊሲ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት መንግሥት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስና በሰብአዊ ዘርፎች እንዲመደብ ወሰነ። ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። መንገድ፣ መብራት፣ ሐኪም፣ ፋብሪካ የሚያስፈልጋት አገር ኢንጂነር አብዝቼ ላስተምር ማለቷ እብደት አይደለም። እኔ ራሴ የዚያ 70 ውጤት ነኝ፤ እንጀራዬም ከዚያ ነው። ችግሩ ፖሊሲው ስለ ብዛት ሲናገር ጆሯችን ስለ ክብር መስማቱ ነው። 70 የሚለው «ጎበዞች»፣ 30 የሚለው «የተረፉት» ተብሎ ተተረጎመ።

በ1959 እ.ኤ.አ. ሲ ፒ ስኖው የተባለ እንግሊዛዊ ካምብሪጅ ላይ ስለ «ሁለቱ ባህሎች» የታወቀ ንግግር አድርጎ ነበር። ሰውየው ሳይንቲስትም ልብ ወለድ ጸሐፊም ነው። ያስቸገሩት የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ነበሩ፤ ስለ ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ሲጠየቁ ባለማወቃቸው የማያፍሩ። እኛ ጋ ሚዛኑ ተገልብጧል። የማናፍረው እኛ ነን። አንድ ኢንጂነር «ልብ ወለድ አንብቤ አላውቅም» ሲል የሥራ ብዛቱን እንደሚያሳይ አድርጎ ነው የሚናገረው።

ግድግዳውን ለማፍረስ አልተሞከረም አይባልም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢ ተማሪዎች የፍሬሽማን ዓመት የጋራ ኮርሶችን ይወስዳሉ፦ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ሶሻል አንትሮፖሎጂ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ እና ሌሎችም። እኔን አልደረሰኝም፤ ስሰማ ቀናሁ። በዚያ መንገድ ያለፈ የአክስቴን ልጅ «አንትሮፖሎጂ እንዴት ነበር?» ብዬ ስጠይቀው ግን «ኤ አግኝቻለሁ» አለኝ። እሱን አይደለም የጠየቅኩት። ምን እንደተማረ ሳስጨንቀው ሞጁሉን ከስልኩ አውጥቶ አሳየኝ፤ የትኞቹ ገጾች ፈተና ላይ እንደሚመጡ ያውቃል። ልጁን አልወቅሰውም። የሚፈልገው ዲፓርትመንት የሚገኘው በፍሬሽማን ውጤት ነው፤ እያንዳንዷ ነጥብ ዕጣ ፈንታ ናት። በዚህ ዓይነት ክሪቲካል ቲንኪንግን በሽምደዳ ማለፍ ይቻላል። ዝርዝር ላይ ኮርስ መጨመር ቀላል ነው። ኮርሱ አንድን ተማሪ ከሌላ ሰው ጥያቄ ፊት ካላስቀመጠው ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሥዕል ይሆናል እንጂ መስኮት አይሆንም።

*

የድሮውስ? አጎቴ መሪጌታ ናቸው። ያንኑ ዓመት የብድር መክፈያ ቀን በዓል ላይ እንዳይውል የበዓላትን ቀን የሚያሰላ ፕሮግራም መጻፍ ነበረብኝና ባሕረ ሐሳብ እንዲያስረዱኝ ለመንኳቸው። በጣታቸው እየቆጠሩ አስረዱኝ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ትደምራለህ፤ 2017 ከሆነ 7517 ይመጣል። ለ19 ስታካፍለው 12 ይተርፋል፣ አንድ ትቀንሳለህ፤ 11፣ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዝተህ በ30 ስትገድፈው አበቅቴ 1 ነው። በ19 አባዝተህ በ30 ስትገድፈው መጥቅዕ 29። ሁለቱ ተደምረው ሁልጊዜ 30 ናቸው። ከመጥቅዑ ተነሥተህ ነነዌን ታገኛለህ፤ የካቲት 3። ከነነዌ 69 ቀን ስትቆጥር ፋሲካ ሚያዝያ 12 ይውላል።

አፌን ከፍቼ ነበር የምሰማቸው። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን የቀሪ ስሌት እሳቸው ቅኔ ከቆጠሩበት የኔታ እግር ሥር ነው የተማሩት። ቁጥሩንና ቃሉን ያስተማራቸው አንድ ሰው ነው፤ «ይሄ ናቹራል ነው፣ ይሄ ሶሻል ነው» ያላቸው የለም። ወደዚያ እንመለስ ማለቴ ግን አይደለም። የዚያ ትምህርት በር ለእህቴ ዓይነት ልጆች ብዙም የተከፈተ አልነበረም፤ ሥነ ሕይወትም ፊዚክስም አልነበረበትም። የምለው፣ ግድግዳው የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። እዚሁ አገር፣ በዚሁ ቋንቋ፣ ያለ እሱ ተኑሯል።

ደግሞም ቀመሩ ብቻውን አላዳነኝም። ፋሲካ ሚያዝያ 12 እንደሚውል ፕሮግራሜ በትክክል ያውቅ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት በግ ያልገዛች እናት ምን እንደሚደርስባት ግን የትኛውም ቀመር ውስጥ የለም። ሁለቱም በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ፣ አጠገብ ለአጠገብ ነበሩ። አንድ ላይ ያሰባቸው ሰው ነው የጠፋው።

*

አሁን ከባዱ ተቃውሞ። እናቴ ይህን ብታነብ የምትለኝን አውቀዋለሁ፦ «አንተ ደመወዝህን ይዘህ ነው የምትፈላሰፈው።» እውነቷን ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በር ላይ እንዲህ ተጨናንቆ ለቆመ ሕዝብ «ስትገቡ ሁለቱንም ክፍል ጎብኙ» ማለት ያስቃል። ሥራ ያስገኛል የተባለውን መምረጥ የጠባብ አእምሮ ምልክት አይደለም። ለብዙ ቤተሰብ ብቸኛው መድን ነው። እኔም እህቴን ሶሻል አስገብቼ የራሴን ጸጸት በእሷ ሕይወት ልከፍል መብት የለኝም። ምክር የሚሰጥ ሰው የምክሩን ዕዳ አይከፍልም፤ ይህን መርሳት ራሱ በደል ነው።

ግን ተቃውሞው እስከ መጨረሻው አይወስድም። አንደኛ፣ መድኑም እንደተባለው አልሆነም። ከእኔ ጋር ኢንጂነሪንግ ከጨረሱት መካከል ታክሲ የሚነዱ፣ የስልክ ዕቃ የሚሸጡ አሉ። ሁለተኛ፣ ድህነት ራሱ ነው ደንብ የሚጽፈው ሰው ማን እንደሆነ አሳሳቢ የሚያደርገው። ስልክ ያለው ሰው በእኔ ኮድ አልተጎዳም። የተጎዱት ስልክ የሌላቸው ናቸው። «ለድሃ አገር የሰው ጥናት ቅንጦት ነው» የምንል ከሆነ፣ በድሃው ላይ የምንሳሳተው ስሕተት ርካሽ ነው ማለታችን ነው።

ሦስተኛ፣ ግድግዳው ላይ ባለቤት ያጣ ብዙ ሥራ አለ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም አስቡ። ፀሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ ተብሎ ይመዘገባል። ለኮምፒውተር አራት ሰው ናቸው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር አለው። ሀ እና ሐ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? የሚለውን ግን ቁጥሩ አይመልስም። ለፍለጋ አንድ ናቸው፤ ለግዕዝ አዋቂ ግን ሠረቀ እና ሰረቀ አንድ አይደሉም፤ አንዱ ወጣ፣ ሌላው ሌባ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ታይፕራይተር ላይ ሊያሰፍሩ ሲነሡ የገጠማቸው ጥያቄም የብረት ብቻ አልነበረም፤ የቋንቋም ነበር። ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ውስጥ ያሉት ብራናዎች ማሽን እንዲያነባቸው ቢፈለግ የሚያስፈልገው ግማሽ ፕሮግራመር፣ ግማሽ የግዕዝ ተማሪ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ከሌለ ሁለት ሰዎች ይበቃሉ፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጡ የሚፈቅድላቸው ከተገኘ።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲን አንድ ነገር ብለምን ተጨማሪ ሞጁል አልለምንም። ከሁለት ዲፓርትመንት የመጡ ሁለት ተማሪዎች አንድ የመመረቂያ ጥናት በጋራ እንዲሠሩ፣ በሁለት አማካሪ፣ በአንድ ውጤት። እኔና ዕቁብ ያጠናው ጓደኛዬ እንዲህ የመሥራት ዕድል አግኝተን ቢሆን ኖሮ ሲኒየር ኤሴዩ ላይ አልስቅበትም ነበር። ውጤቴ በእሱ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠል ነበራ።

*

ከሳምንት በኋላ ለእህቴ ደወልኩላት። ትልቅ ነገር የምነግራት መስሏት ዝም ብላ ጠበቀችኝ።

«ሶሻል ብትገቢ አልቆጣም» አልኳት። «ናቹራል ብትገቢም አላጨበጭብም። አንቺ የያዝሽው ጥያቄ ሁለቱንም ይፈልጋል። ዘጠኝ ሴቶች ቆጥረሻል፤ ያ ስታትስቲክስ ነው። ለምን እንደሄዱ ለማወቅ ደግሞ ከእናቶቻቸው ጋር መቀመጥ አለብሽ። በየትኛውም በር ግቢ፤ ከሌላኛው በር የገባ አንድ ጓደኛ ግን ይኑርሽ። ስለ ምን እንደሚያጠና ሲነግርሽ አትሳቂበት።»

«አንተ ስቀህ ታውቃለህ እንዴ?»

«አዎ።»

ትንሽ አሰበች። «ሒሳቡንስ?»

«ሒሳብ ፈቃድ አይጠይቅም፤ መጽሐፎቼን ላምጣልሽ። ሶሻልም ሒሳብ አለ። ሸሽተሽው እንዳትገቢ ብቻ።»

«እሺ። ለእማዬ ግን ማን ይነግራታል?»

«የእኔ...» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ልማድ ነው። አቋረጥኩት። «እኔ እነግራታለሁ» አልኳት።

ይህን እስከጻፍኩበት ሰዓት ድረስ አልነገርኳትም። እሑድ ቤት እሄዳለሁ።